የዓሣ ገንዳውና የተረፈው ኪኒን
ሜሪላንድ ያለውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፣ በልጅ ልጄ የጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ አሸዋው ቀይ ዝልግልግ ነገር ለብሶ አየሁ። አባትየው ከቤት የተረፈ ኤሪትሮማይሲን ሊጨምርበት ተነሳ።

«ተው ልጄ!» አልኩት።

ቡናማ አቧራ የሚመስለው በአዲስ ገንዳ ወጥቶ በሳምንታት ራሱ ይጠፋል። ፀጉር የመሰለው አረንጓዴ አልጌ በእጅ ይነቀላል። ቀዩ ግን አልጌ ቢመስልም ባክቴሪያ ነው። መድኃኒቱ ቢገድለውም ውኃውን የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል፤ የሚያፋፋው የተረፈ ምግብም እዚያው ይቀራል።

ዝልግልጉን በቱቦ ስበን አወጣን፤ በአፍ ግን አይሳብም! ምግቡን ቀነስን፣ መብራቱን በቀን 8 ሰዓት ወሰንን፣ በየሳምንቱ 10 በመቶ ውኃ ቀየርን። በወሩ አሸዋው ነጣ።

ወላጆች፣ የተረፈ አንቲባዮቲክ ለዓሣም ለልጅም አይሰጥ። መትረፉ ራሱ ብዙ ጊዜ የታዘዘው ሳያልቅ መቋረጡን ይናገራል።