ባሩዱ ሲበዛ ብልሃቱ ሲያንስ

ጉርድ ሾላ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ባሉት ቡና ቤቶች ስለ ሽጉጥ የሚያወራ ሰው አይጠፋም። ወሬው ዞሮ ዞሮ «የኔ ይበልጣል» ላይ ያርፋል። የአፈሙዙ ስፋት ይነሳል፣ ጩኸቱ ይነሳል፣ «ግንብ ይበሳል» ይባላል። ብረቱ ምን ያህል እንደሚችል፣ ጥይቱ ስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ እንደተኛ፣ ከዚያ ግንብ ማዶ ማን እንደሚኖር የሚጠይቅ ግን የለም። ሰሞኑን ደግሞ ከአሜሪካ ለእረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችን ጨዋታውን ከፍ አድርገውታል። እነሱ አገር ቀለህ ለቅሞ፣ ካፕሱልና ባሩድ ገዝቶ ጥይትን እቤት መሙላት የተፈቀደ ነው። ስለዚህ «ፋብሪካው የሚሰስተውን ባሩድ እኔ እጨምርበታለሁ» እያሉ ይፎክራሉ፤ ሰሚውም አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

እዚህ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሽጉጥ ያለ ፈቃድ መያዝ እንኳ ያስጠይቃል፤ ጥይት እቤት መሙላትማ የሚነሳም አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሙያው ይልቅ አብሮት የሚመጣው እምነት ነው፤ ኃይል በበዛ ቁጥር ደህንነት ይበዛል የሚለው። ይህ እምነት ስህተት ነው። የጥይትን ልክ የሚወስነው የመሣሪያው ደካማ ቦታ ነው። የባለቤቱ ወኔ በዚህ ጉዳይ ድምፅ የለውም።

ከእምነቱ አባት እንጀምር። ኤልመር ኪት የሚባል አሜሪካዊ ከብት ጠባቂና ጸሐፊ ለከባድ ጥይት ፍቅር የሚወዳደረው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1925 የአገሩን የነፃነት በዓል በተኩስ ሊያከብር አሮጌ 45 ኮልት ሪቮልቨሩን ወደ ሰማይ አነሳ። በገዛ እጁ፣ ከልክ ባለፈ ዓረርና ባሩድ የሞላው ጥይት የተሽከርካሪውን (ጥይቶቹን ይዞ የሚዞረውን የሪቮልቨሩን አካል) የላይኛውን ክፍል ገንጥሎ ወሰደው። ሰውዬው ዳነ፤ ከዚያ በኋላ የሽጉጡ ብረት ወፍራም ወደሆነለት ወደ 44 ስፔሻል ጥይት ዞረ። ከዚህ የበረታ ጥይት ይሠራ የሚል ውትወታውን ሰምተው እ.ኤ.አ. በ1955 44 ማግነምን የሠሩት ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ሬሚንግተን የተባሉ ኩባንያዎች ግን ከሱ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። የቀለሁን ርዝመት በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ጨመሩት፤ አዲሱ ጥይት ለአሮጌው 44 ስፔሻል በተሠራ ሽጉጥ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ። የጉራ ተከታዮች የኪትን ድፍረት ሲያወሩ ይህቺን 3 ሚሊ ሜትር ይዘሏታል።

ለምን አስፈለገች? ለ44 ስፔሻል የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በኢንች ካሬ 15,500 ፓውንድ ነው፤ የማግነሙ 36,000፤ ከእጥፍ በላይ። ዓረሩ አንድ ዓይነት፣ ስፋቱ አንድ ዓይነት፣ የሚያዩት ሰዎች መለየት የማይችሉት። ልዩነቱን የሚያውቀው ብረቱ ብቻ ነው። ለ44 ስፔሻል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን ቻርተር አርምስ ቡልዶግ እንውሰድ፤ ዘመዶቻችን የሚያደንቁት ባለ ትልቅ አፈሙዝ ሽጉጥ ይህ ነው። ክብደቱ 600 ግራም ገደማ ነው፤ ለማግነም የተሠራው ትልቁ ሪቮልቨር 1 ኪሎ ከ300 ግራም ይመዝናል። ቡልዶግ አምስት ጥይት ብቻ መያዙ እንዲሁ አልመጣም። ተሽከርካሪውን ከቦታው የሚያቆመው ጉድጓድ፣ ስድስት በሚይዘው ላይ በቀጥታ በጥይቱ ማረፊያ ጀርባ ይቆፈራልና ግድግዳውን ያሳሳዋል፤ በባለ አምስቱ ግን በሁለት ማረፊያዎች መካከል ወፍራም ብረት ላይ ይውላል። ሠሪው እያንዳንዱን ግራም እየቆጠረ፣ የቱ ጋ እንደሚያሳሳ እያሰበ በደረሰበት ልክ ላይ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል ሰው ከሠሪው በላይ አዋቂ ነኝ እያለ ነው።

መጠኑን ሳይፈልጉ ማለፍም አለ። 44 ስፔሻልና 45 ኮልት ቀለሃቸው ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም የተወለዱት ብዙ ቦታ በሚወስደው ጥቁር ባሩድ ልማድ ነው። ዛሬ የሚጫነው ጭስ አልባ ባሩድ ደግሞ የቀለሁን ጥቂት ክፍል ብቻ ይሞላል። ሁለት ጊዜ ቢጨመርበትም አይፈስም፣ አይታይም፤ ዓረሩ ከላይ ሲጫን ነገሩ ይዘጋል። ጠንቃቃ ሞዪ ዓረሩን ከመጫኑ በፊት ቀለሆቹን ሁሉ በመብራት የሚያየው ለዚህ ነው። ማሳነስም በጎ ማለት አይደለም፤ ባሩዱ እጅግ ሲያንስ ዓረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፣ ተከታዩ ጥይት ሲደርስበት ብረቱ ያብጣል ወይም ይቀደዳል። ቀላል ሽጉጥ ላይ ከባድ ጥይት ሲተኮስ ደግሞ ርግጫው ያልተተኮሱትን ዓረሮች ከቀለሃቸው ወደ ፊት ይስባቸዋል፤ ተሽከርካሪው ተቆልፎ ይቆማል። ነፍሱን ሊያድን የታጠቀ ሰው ያን ሰዓት የያዘው ብረት ዱላ ነው።

ትምህርቱን ከአሜሪካ መበደር አያስፈልገንም ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው የአሮጌ ውጊያ፣ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያን ያህል ከደከሙባቸው ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ ተትረፍርፎ ጎርሶ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ከእንግሊዝ ጦር የመጣ ምንም ነገር አልነካውም፤ የገደለው የራሱ ጉርሻ ነው። ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ግዝፈት ልጆቻችንን እናስተምራለን፤ ስለዚህኛው መድፍ ግን እንደ ነውር ዝም እንላለን። ከሁለቱ የበለጠ የሚያስተምረው የፈነዳው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሰፈር እንመለስ። የአያት ቅርስ እየተባሉ በሣጥን የሚቀመጡት ሪቮልቨሮች ብዙ ጊዜ ከጣሊያን የተማረከ 10.35 ሚሊ ሜትር ቦዴዮ ወይም ከእንግሊዞች ጋር የገባ ዌብሊ ናቸው። ጥይታቸው እንደ ልብ አይገኝምና ባለቤቱ «የሚገባውን» ይፈልጋል። ዌብሊ ላይ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ስህተት ይህንኑ ያሳያል። ነጋዴዎች የተሽከርካሪውን ጀርባ እየሞረዱ 45 ኤሲፒ ጥይት እንዲጎርስ አደረጉት። መሣሪያው የተሠራው ለ13 ሺህ ፓውንድ ገደማ ግፊት ነው፤ አዲሱ ጥይት እስከ 21,000 ይሄዳል። ጥይቱ ገባ፣ ተኮሰ፣ ሰዎችም ተስማማ አሉ። ከዚያ ብረቱ መሰንጠቅ ጀመረ።

ከሁሉም የከፋው ግን ቅርስም እውነተኛ የፋብሪካ ሽጉጥም ያልሆነው ነው፤ ከቱርክ በኮንትሮባንድ የሚገባው ሽጉጥ። መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ ሽጉጦች በየጊዜው መያዛቸውን ሲያስታውቅ ሰምተናል። ከነዚህ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ለድምፅ ብቻ፣ ዓረር የሌለው ጥይት እንዲተኩሱ ነው፤ ገላቸውም ብረት ሳይሆን የዚንክ ቅይጥ ነው። አንድ ሰው አፈሙዙን በስቶ እውነተኛ ጥይት ያጎርሰዋል፤ መልኩም ከትክክለኛው አይለይምና፣ ገዢው «ኦሪጅናል» ብሎ በጎኑ ይሸጉጠዋል። ሲተኮስ መጀመሪያ አደጋ ላይ የሚወድቀው የተኳሹ እጅ ነው።

«ለሌባ ከባድ ጥይት ያስፈልጋል» የሚሉኝ አሉ። ከድብ ጋር በሚኖርበት በአሜሪካ በሞንታና ጫካ ክርክሩ ትንሽ ሥጋ አለው። ጉርድ ሾላ ላይ የለውም። ለስላሳው የ44 ስፔሻል የፋብሪካ ጥይት እንኳ 16 ግራም ዓረር በሰከንድ 230 ሜትር ይወረውራል፤ ሰውን ለማቆም ከበቂ በላይ ነው። ከቤታችን ማዶ ያለው ደግሞ ድንጋያማ ተራራ አይደለም። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት፣ ከዚያ የጎረቤት ሳሎን፣ ከዚያ ቆርቆሮ አጥር፣ ከዚያ አስፋልት ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ ነው። ግንብ መብሳት ለከተማ ሰው የሚያኮራ አይደለም፤ ጥፋት ነው። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም እንዲሁ፤ ኪት ሽጉጡን የሰበረው ለበዓል ሲተኩስ መሆኑን አስቡት። ወደ ላይ የሄደ ዓረር ሰማይ ላይ አይቀርም።

ውጭ አገር ያላችሁና ጥይት የምትሞሉ ወገኖቼ፣ መመሪያው መጽሐፍ ለሽጉጣችሁ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ጀምሩ፣ ከተፈቀደው በታች ቆዩ፤ ለማግነም የተጻፈውን ለስፔሻል አትዋሱ። እዚህ ያላችሁና የአያት ሪቮልቨር ሣጥን ውስጥ ያለባችሁ ደግሞ፣ ጥይቱን አውጡለት፣ «ይገባል» በተባለ ጥይት አትሞክሩት፣ ለፖሊስ አሳውቁና በሕጉ መሠረት አስመዝግቡት ወይም አስረክቡት። የቱርኩን ሽጉጥ የያዘ ካለ ምክሬ አጭር ነው፤ አስረክብ፣ ሳትተኩስ።