ቡቃያን አይቶ ምርትን መፍረድ

በኮኪት ዙሪያ ሰሊጥ የሚዘራ ገበሬ በሐምሌ ቡቃያውን አይቶ ለጥቅምት ምርት አይምልም፤ ዝናቡ፥ አረሙና ተባዩ ገና ከፊቱ ናቸውና። ከሜዳ ዳር የሚቆመው ተመልካች ግን በመጀመሪያው ግጥሚያ ብቻ «ይህ ልጅ ለትልቅ ክለብ የተፈጠረ ነው፤ ያኛው አይረባም» ብሎ ይፈርዳል።

ይህ ችኮላ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በሚወዱት፥ ኳስ በእጅ በሚወረወርበት እግር ኳስ፥ ጨዋታውን የሚመራው የኮሌጅ ልጅ ገና ወራቱ ሲጀመር ለደመወዝተኛ ቡድን ይመዘናል። ጆ በሮው ለሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት እ.ኤ.አ. በ2018 ለግብ የበቁ 16 ኳሶች ብቻ ወረወረ። በ2019 ግን 60 አደረሳቸው፤ በ2020ም ከምልምሎች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ።

የእኛው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ሮም ከመሄዱ በፊት፥ አየሩ በሚሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ጨርሶ ነበር። ይህም በጊዜው ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ግን ብዙም አያውቁትም ነበር።

እንግዲህ መመዘን አይቀርም፤ ነገር ግን ፍርዱ ይቆይ። ልጁ ከማን ጋር፥ በምን ሜዳና በምን ሙቀት እንደ ተጫወተ ይጠየቅ፤ ከተሸነፈ በኋላ በሳምንቱ እንዴት እንደ ተመለሰ ይታይ። የኮኪትን ልጅ በአንድ ቀን ፈተና የሚያሰናብት መልማይ ሰሊጡን በሐምሌ እንደሚያጭድ ገበሬ ነው።