ከበረዶው በፊት ጉሮሮው

እስቲ ዛሬ ስለ ልብ እናውራ። ስለ ፍቅሩ አይደለም፤ ደም ስለሚረጨው ልብ ነው።

የልብ ምት ለተዛባበት ሰው የሚደረግ አንድ ሕክምና አለ። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ልብ ድረስ ይዘልቃል። ጫፉ ላይ ያለችው ፊኛ የሳንባ ደም መልሶች ልብ ውስጥ የሚገቡበትን አፍ ታቀዘቅዛለች፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስና ከዚያም አልፎ። የቀዘቀዘው ቦታ ጠባሳ ይሆንና ምት የሚያዛባውን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ከዓመታት በኋላስ? ካናዳ ውስጥ 303 ሕሙማን ለ3 ዓመት የተከታተለው «ኧርሊ ኤኤፍ» የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 መልስ ሰጥቷል። የምቱ መዛባት የተመለሰባቸው በብርድ ከታከሙት 56.5 በመቶ፣ መድኃኒት ከወሰዱት ደግሞ 77.2 በመቶ ናቸው። ሕመሙ የማይለቅ ዓይነት የሆነባቸው 1.9 በመቶ ለ7.4 በመቶ። ጥሩ ነው! ግን ልብ በሉ፤ ከታከሙትም ከግማሽ በላይ ተመልሶባቸዋል። ይህ የታወቀው ከቆዳቸው ሥር በተቀበረ መሣሪያ በየቀኑ ስለተከታተሏቸው ነው።

አሁን ወደ ኬሚሴ እንምጣ። እኛ አገር የብዙ ወጣቶች ልብ የሚታመመው ከጉሮሮ ተነስቶ ነው። ልጁ ጉሮሮው ያብጣል፤ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ይቆረጣል፤ ፔኒሲሊን ግን አያገኝም። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይይዛቸዋል። ቫልቩ ይጠባል፣ ልብ ይለጠጣል፣ ምቱ ይዛባል። ደም ይረጋና ወደ አንጎል ይሄዳል። ስትሮክ፣ ያውም በሃያዎቹ ዕድሜ! የጠበበ ቫልቭ ደግሞ በብርድ አይሰፋም።

ለእነዚህ ልጆች የረጅም ጊዜ ውጤት የሚወሰነው በትንንሽ ነገሮች ነው። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ። ምቱ ለተዛባበት ዋርፋሪን፣ ከነደም ምርመራው። ምርመራ የማይፈልገው አዲሱ ክኒን ይገላግለናል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ 24 አገሮችን ያካተተው «ኢንቪክተስ» ጥናት ግን አሮጌው ዋርፋሪን የብዙ ሰው ሕይወት እንዳተረፈ አሳየ።

ስለዚህ ምርመራው ወደ ሰው ይቅረብ። ከጂሌ ጥሙጋ ወይም ከደዌ ሐረዋ የመጣች እናት ለአንድ ጠብታ ደም ደሴ ድረስ ተመላለሺ ከተባለች፣ ሦስተኛው ወር ላይ ትቀራለች። ምክሩም በአፋን ኦሮሞ ይሁንላት፤ የምትሰማው በእሱ ነው።

«ለድሃ ትንሹ ይበቃዋል ማለትሽ ነው?» የምትሉኝ አትጠፉም። አይደለም! ማሽኑም ይምጣ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ሲጀምር የብዙ ልጆች ተስፋ ሆኗል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ወረፋውን የሚያሳጥረው በየወሩ የሚወጋ መርፌ ነው።

ለማሽን ሪባን ይቆረጣል። ለመርፌ ማንም ሪባን ቆርጦ አያውቅም። ችግራችንም እሱ ነው።