ልጁ አይደለም፣ ሰሌዳው ነው

ክረምት ላይ የእህቴ ልጅ ኤሌክትሮኒክስ ልማር አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ነው። መርካቶ ወርጄ ብሬድቦርድ፣ ጥቂት ሬዚስተር፣ ኤልኢዲ አምፖሎችና የ9 ቮልት ባትሪ ገዛሁለት። ሻጩ ሁለት ዓይነት ሰሌዳ ሲያሳየኝ ልዩነታቸውን ጠየቅኩት። «ያው ነው ወንድሜ» አለኝ። ርካሹን አነሳሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት አምፖል አልበራ አለችው። ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ቪዲዮውን ደግሞ ያያል። እኔም ጋዜጠኛ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁምና «በደንብ ስላላየኸው ነው» እያልኩ ተቆጣሁት። በአራተኛው ቀን «አጎቴ፣ እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ።

የሰፈራችን ቴሌቪዥን ጠጋኝ በቴስተር ሲፈትሸው አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የልጁ ሥራ ልክ ነበር። የሰሌዳው የውስጥ መቆንጠጫዎች ላልተው ሽቦውን አይዙትም።

ለማታውቁት፣ ብሬድቦርድ ያለ ብየዳ ዕቃ እየሰኩ ሰርኪዩት የሚሞክሩበት ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ ነው። ስሙ የመጣው የድሮ ሬዲዮ አፍቃሪዎች ዕቃቸውን በእንጨት የዳቦ መቁረጫ ላይ እየቸነከሩ ይሠሩ ስለነበር ነው። ዛሬ ከቀዳዳዎቹ ሥር የብረት መቆንጠጫዎች አሉ፤ እያንዳንዱ አምስት ቀዳዳ ያገናኛል። ጥሩውና መጥፎው የሚለዩት እዚያ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው።

ስለዚህ ለልጃችሁ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ፈትሹ። 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ የተለያዩ ቀዳዳዎች ላይ ሰኩ። ትንሽ ታግሎ መግባት አለበት፤ ሰሌዳውን ስትገለብጡትም መውደቅ የለበትም። ለጀማሪ ባለ 400 ቀዳዳው ይበቃል፤ ትንሽ ገፋ ላለ ባለ 830ው ይሻላል። በትልልቆቹ ላይ ዳር ያለው የኃይል መስመር ብዙ ጊዜ መሐል ላይ የተቋረጠ ስለሆነ በቴስተር አረጋግጡ። የቤት 220 ቮልት ግን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አይሞከርም፤ ይገድላል።

«ኑሮ በተወደደበት ሰዓት ስለ ፕላስቲክ ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም። የማወራው ኑሮ ስለተወደደ ነው። ገንዘብ ሲያጥር የማይሠራ ዕቃ መግዛት ከሁሉ የከፋ ብክነት ነው። ለትምህርት ቤት የሚገዛ ሰው «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ አሸነፈ» ብሎ ከመፈረሙ በፊት አንዱን ሰሌዳ አውጥቶ ሽቦ ይሰካበት። ለ40 ተማሪ 40 ልል ሰሌዳ ከመግዛት፣ ለሁለት ለሁለት የሚጋሩት 20 ደህና ሰሌዳ ይሻላል።

ምክንያቱም ጀማሪ ልጅ ስህተቱ የማን እንደሆነ መለየት አይችልም። አምፖሏ ካልበራች ራሱን ይጠረጥራል፤ እኛም እንደ እኔ በላዩ ላይ እንጨምርበታለን። ከዚያ «ልጆቻችን ለሳይንስ ፍላጎት የላቸውም» ብለን እንጽፋለን።

ደህናውን ሰሌዳ ገዛሁለት። አምፖሏ የዚያኑ ማታ በራች። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት። «ታዲያ ያኔ ለምን ተቆጣኸኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እናንተስ፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ሆኖ ሳለ «አልችልም» ብላችሁ የተዋችሁት ትምህርት አለ?