ልጁ ወባ አልነበረበትም

ሞምባሳ ከተማ ውስጥ፣ ሚኪንዳኒ አካባቢ፣ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። ሦስት ሺህ ያህል ሰው ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የሰፈሩን አጥር ተጠግቶ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ተከፈተ። ፊሊስ ኦሚዶ የምትባል ወጣት እናት በ2009 እዚያ ተቀጠረች። ሥራዋ ፋብሪካውን ከነዋሪው ጋር ማግባባት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጡት የሚጠባው ልጇ ታመመ፤ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ሐኪሞች ወባ ጠረጠሩ፣ ታይፎይድ ጠረጠሩ፣ ሁለቱም አልሆነም። በመጨረሻ ደሙ ለእርሳስ ሲመረመር ነገሩ ታወቀ። መርዙ ለልጁ የደረሰው በእናቱ ጡት ወተት እንደሆነ ነገሯት።

ኦሚዶን ዓለም የሚያውቃት በኋላ ባገኘችው ሽልማትና በፍርድ ቤት ድሏ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። የልጇን ውጤት ታቅፋ ቤቷ አልተቀመጠችም፤ የጎረቤት ልጆችም እንዲመረመሩ አደረገች። ሦስት ልጆች ተመረመሩ፤ በሦስቱም ደም ውስጥ ከፍተኛ የእርሳስ መጠን ተገኘ። የሰፈሩ ሰው ጭሱ ጉሮሮ እንደሚከረክርና ዓይን እንደሚያቃጥል ድሮም ያውቅ ነበር። በልጆቹ ደም ውስጥ ምን እንዳለ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ያን የነገራቸው የምርመራ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሰልፍ ወጣ። ኦሚዶ ታሰረች፣ መሣሪያ በያዙ ሰዎችም ጥቃት ደረሰባት። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ። ፍርድ ቤቱ በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ፈረደ፤ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ በ2024 መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልሶ አጸናው። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ያን ጊዜ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። በ2007 የተወለደ ልጅ እስከዚያ ድረስ አድጎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚጨርስበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለእኛም ስለሚያገባን ነው። ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሕፃን በኛም አገር መጀመሪያ የሚጠረጠርበት ወባና ታይፎይድ ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በሽታው እሱው ነው። ነገር ግን ወባው ሲቀር፣ ታይፎይዱም ሲቀር፣ ቀጥሎ መምጣት ያለበት ጥያቄ አይመጣም፤ «አባቱ ምን ይሠራል? እናቱስ? ቤታችሁ አጠገብ ባትሪ የሚከፍት፣ ብረት የሚያቀልጥ ሰው አለ?» አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እርሳስን በሚመለከት ግን ባለመጠርጠራችን የሚመነጠሩት ልጆቻችን ናቸው።

እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበትን አይደለም፤ የእሱ ውስጡ ግራፋይት ነው። የማወራው ስለ ከባዱ ግራጫ ብረት ነው። በትንፋሽም በአፍም ወደ ሰውነት ይገባል፣ በደም ይዞራል፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ተነሥቶ ወደ ደሟ ይመለሳል፣ ከዚያም ወደ ፅንሱ ያልፋል። ትንንሽ ልጆች ወደ አፋቸው ከገባው እርሳስ ወደ ደማቸው የሚያስገቡት መጠን ከአዋቂ አራት አምስት እጥፍ ይሆናል። ይህም ሳያንስ ልጅ መሬት ላይ የሚድህ፣ ጣቱን የሚጠባ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚቀምስ ፍጥረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ዩኒሴፍ በ2020 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከሦስት ልጆች የአንዱ፣ በጠቅላላው የ800 ሚሊዮን ያህል ልጆች የደም እርሳስ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ እንደሆነ ገምቷል። አብዛኞቹ የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ድሃ አገሮች ነው።

አስቸጋሪው ነገር መልክ የሌለው መሆኑ ነው። ልጁ ይነጫነጫል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ይደርቅበታል፣ ደም ያንሰዋል፣ ምግብ ይጠላል። ይህን ሁሉ ሌላም በሽታ ያመጣዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ከዚያ ፊደል አልይዝለት ይላል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። አስተማሪው ሰነፍ ይለዋል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ረባሽ ይለዋል። አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት ተመልሶ አይድንም። መጠኑ በጣም ከፍ ሲል እርሳሱን ከደም የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፤ ልጁ ወደ ተመረዘበት ቤት ከተመለሰ ግን ሕክምናው ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ይልቅ ሥራው ያለው ቤትና ሰፈር ውስጥ ነው።

ሴኔጋል ውስጥ የሆነውን እዩት። በዳካር ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር ባትሪ ሲሰባበርበት የኖረ አሸዋማ መሬት ነበር። የእርሳስ ዋጋ ሲወደድ ሰዎች ያንን አፈር እየነፉ እርሳሱን ይለቅሙ ጀመር፤ እናቶች ልጅ አዝለው ይነፉ ነበር፣ አፈሩም በከረጢት ሆኖ ቤት ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። የሟቾቹ እናቶችና ወንድም እህቶች ሲመረመሩ ደማቸው ውስጥ የተገኘው እርሳስ እጅግ ከፍተኛ ነበር። እነዚያ እናቶች አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግራቸው ኖሮ ያን አፈር ቤታቸው ያስገቡት ነበር? አይመስለኝም።

በኛ አገር ባትሪ የሌለበት ቦታ የለም። መኪናው፣ ባጃጁ፣ የገጠሩ ሶላር፣ የቴሌ ማማው፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው ሳጥን፣ ብዙዎቹ በእርሳስ ባትሪ ይሠራሉ። በዓለም ላይ ጥቅም ላይ ከሚውለው እርሳስ 85 በመቶ ያህሉ የሚሄደው ለባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞት ቆራሌው ይገዛዋል፣ ወይም ባትሪ የሚያድሱ ሰዎች እጅ ይገባል። አዳሹ በመዶሻ ይከፍተዋል፣ አሲዱን ያፈሰዋል፣ ሰሌዳውን ይለውጣል። አንዳንዱም እርሳሱን በክፍት እሳት ያቀልጣል። ማታ ቱታውን ሳያወልቅ ቤቱ ይገባል፤ ልጁ ሮጦ ይጠመጠምበታል። እኔ ይህን ሠራተኛ አልወቅሰውም። ልጆቹን የሚያበላበት ሥራ ነው፤ የሠለጠነበት ባለሙያም ነው። የምወቅሰው ጓንትና ጭምብል ሳይሰጥ የሚያሠራውንና አሮጌው ባትሪ እንደማንኛውም ቁርጥራጭ ብረት እንዲሸጥ ዝም ብሎ የሚያየውን ነው። ለሠራተኛው ግን አሁኑኑ የሚጠቅመው ምክር ገንዘብ አይጠይቅም። ልብስና ጫማ ሥራ ቦታ መቀየር፣ ገላን ሳይታጠቡ ልጅ አለማቀፍ፣ የሥራ ልብስን ከልጅ ልብስ ጋር አለማጠብ፣ እዚያው ሥራ ቦታ ላይ አለመብላት ነው።

ቀለምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ለዚህ የደከሙ ኢትዮጵያውያን ምስጋና ይገባቸዋል። ደንቡ ግን ቀድሞ የተቀባውን በር አይፍቀውም። የመዋዕለ ሕፃናት ደማቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም፣ የመጫወቻው ብረት፣ የሕፃን አልጋው፣ የመስኮቱ ፍሬም ከደንቡ በፊት የተቀባ ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ቀለም ቀቢው ያንን በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ሲፍቀው ብናኙ ክፍሉን ይሞላዋል። በውሃ እያረጠቡ መፋቅ፣ ልጆችን ከግቢው ማራቅ፣ ወለሉን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይቻላል። ይህን ለክረምት እድሳት ለሚዘጋጅ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መንገር ከባድ አይደለም።

ስለ ማድቤትና ስለ መዋቢያ በአጭሩ ላንሣ። ካሜሩንን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከተለያየ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው የሚሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚያስገቡ አሳይተዋል፤ ኮምጣጣ ምግብ ሲሠራባቸው ደግሞ ይብሳል። ጋሌና ከሚባለው ድንጋይ የተፈጨ ኩልም በአብዛኛው እርሳስ ነው። ኩል ሁሉ እንዲህ ነው አልልም፤ ግን በዓይን አይለይም። ስለዚህ የሕፃን ዓይን ላይ ባይደረግ እመርጣለሁ፤ ልጅ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይልሳልና።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼም ከዚህ ነገር ውጭ አይደላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ አንዲት የሁለት ዓመት ሱዳናዊት ስደተኛ ሕፃን በእርሳስ ተመርዛ ሞተች። አገሩ ከገባች ገና ጥቂት ሳምንታት ነበር። አስታወካት፣ አተኮሳት፣ የጉሮሮ ሕመም ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። በኋላ ደሟ ሲመረመር እርሳሱ በዴሲሊትር 390 ማይክሮግራም ያህል ደርሶ ተገኘ። ቤተሰቡ የተከራየው ቤት አሮጌ ነበር፣ ቀለሙም ይላጥ ነበር። ወባም ተባለ የጉሮሮ ሕመም፣ ሞምባሳም ሆነ ኒው ሃምፕሻየር፣ ነገሩ አንድ ነው፤ በጊዜው የጠረጠረ አልነበረም። በአሜሪካ የእርሳስ ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን ለተከራዩ የመንገር ሕጋዊ ግዴታ አለበት። በሜዲኬይድ የታቀፈ ሕፃን በ12ኛውና በ24ኛው ወሩ የደም እርሳስ ምርመራ ይገባዋል። ሐኪሙ ሳያነሣው ከቀረ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁም አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ አለበት። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማኅበራት አዲስ ለመጣ ቤተሰብ ሥራና ቤት ሲያፈላልጉ ይህንንም ቢነግሩት ትልቅ ውለታ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል። ድህነት ባለበት አገር እርሳስን ማን ያስባል ይላል። እኔ አልስማማም። እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ዓለምን ሁሉ ሞልቶት ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው እንዲቀር ወሰኑ፣ በ2006 መጀመሪያ ከገበያ ወጣ። በ2021 የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ተወችው። በባንግላዴሽም ነጋዴዎች የእርድን ቢጫ ቀለም ለማድመቅ የእርሳስ ውህድ ይቀላቅሉበት ነበር። ተመራማሪዎች ምንጩን ደረሱበት፣ መንግሥት ገበያው ውስጥ ቁጥጥር አደረገ፣ ሕዝቡም ተነገረው፤ በ2019 ከተመረመረው የገበያ እርድ ግማሽ ያህሉ እርሳስ ነበረበት፤ በ2021 ግን ምንም አልተገኘበትም። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው።

እኛም ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን። ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ አጎበር ያስተማሩን እነሱ ናቸው፤ ይህንንም ማስተማር ይችላሉ፣ ከተነገራቸው። እድራችንም አለ። ጤና ሚኒስቴርን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ያ የአንድ ደቂቃ ጥያቄ በጤና ጣቢያ የሕፃናት ምርመራ ውስጥ ይግባ፣ ጥያቄው ጥርጣሬ ሲያስነሣም የደም ናሙናው የሚላክበት ቦታ በእያንዳንዱ ክልል ይኑር። መመርመሪያ በሌለበት ጠይቁ ማለት እናትን ማስጨነቅ ብቻ ይሆናል።

እስከዚያው አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ ወይም ባለቤትህ ባትሪ የምትነኩ፣ ቀለም የምትፍቁ፣ ብረት የምታቀልጡ ከሆነ፣ ልጃችሁን ለክትባት ወይም ለሕመም ጤና ጣቢያ ስትወስዱት ሥራችሁን ሳትጠየቁ ለሐኪሙ ተናገሩ።