ርካሽ ኪራይ፣ ውድ ሰዓት፦ የበረራ አስተናጋጇ መንገድ ከሰበታ እስከ ቦሌ

የበረራ አስተናጋጅ በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለች? መልሱ ሰዓቱ ከየት መቆጠር እንደሚጀምር ይወሰናል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ከተንቀሳቀሰበት አርፎ እስኪቆም ያለው አንድ ሂሳብ ነው። ሪፖርት ካደረገችበት እስክትለቀቅ ያለው ሌላ ነው። ሮስተር ላይ የማይጻፍ ሦስተኛም አለ፦ ከቤቷ በር ወጥታ እስክትመለስ ያለው።

ቦሌ ዙሪያ ኪራይ አልቀመስ ሲል ወጣት ሠራተኛ ወደ ዳር ይወጣል፤ ወደ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉት ናቸው። እስቲ በስልካችሁ ካርታ ክፈቱ። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ ቡራዩ በምዕራብ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ። ኤርፖርቱ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ። ከሦስቱም ብትነሱ ከተማውን አቋርጣችሁ ነው የምትደርሱት።

እናስላው። ናይሮቢ ደርሶ መልስ ነው እንበል፤ በረራው ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሪፖርት 2 ሰዓት ላይ። ከሰበታ በሥራ መግቢያ ሰዓት 2 ሰዓት ይፈጃል ብንል ከቤት የምትወጣው 12 ሰዓት ላይ ነው። መሄጃው 2፣ ናይሮቢ ላይ 1፣ መመለሻው 2፤ 9 ሰዓት ላይ ቦሌ ታርፋለች። 10 ሰዓት ወጥታ በሥራ መውጫ ሰልፍ ውስጥ ገብታ ማታ 12 ሰዓት ቤቷ። አየር ላይ 4 ሰዓት፣ ከቤት ውጭ 12 ሰዓት። መንገዱ ብቻ 4 ሰዓት ወሰደ። በወር 12 እንዲህ ያለ ቀን ቢደርሳት 48 ሰዓት ነው፤ አዋጅ 1156/2011 የአንድ ሳምንት መደበኛ ሥራ ጣሪያ ያደረገው ልክ ይሄንኑ ቁጥር ነው። ሰርቪስ መኪና ቢኖርም ሂሳቡ ብዙ አይለወጥም፤ ሩቅ ያለው ሰው መጀመሪያ ይነሳል፣ መጨረሻ ይወርዳል።

ሌላው ዓለም ገና በሁለተኛው ሂሳብ ላይ እየተጣላ ነው። ዴልታ ተሳፋሪ ለሚገባበት ጊዜ መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ያውም ግማሽ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ 10 ሺህ ገደማ የኤር ካናዳ አስተናጋጆች አድማ ሲመቱ አንዱ ትልቅ ጥያቄ መሬት ላይ ያለ ክፍያ የሚሠሩት ሥራ ነበር።

እኔን ከክፍያው በላይ የሚያሳስበኝ እንቅልፉ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በሁለት የሥራ ምድብ መካከል ያለውን ዝቅተኛ ዕረፍት ከ9 ወደ 10 ሰዓት አሳደገች። ያንን 10 ሰዓት ሰበታ አምጡት። 4ቱን መንገድ ይበላዋል፤ በቀረው 6 መታጠብም መብላትም መተኛትም አለ። ከዚያ ነጋ ብላ የ200 ሰው ደኅንነት ትይዛለች። ስታንድባይ ላይ ለዋለችማ ጭራሽ ይብሳል፤ ከሱሉልታ በአንድ ሰዓት ድረሺ ብትባል በምን?

ሮስተር የሚያወጣ ክፍል ሠራተኛው የት እንደሚኖር በአድራሻ መዝገቡ ያውቃል። ማለዳውን ለቅርቡ፣ ረፋዱን ለሩቁ መመደብ፣ ፕሮግራሙንም ቀደም ብሎ አውጥቶ አለመነካካት ከደመወዝ ጭማሪ በጣም ያነሰ ወጪ ነው። ለቅርቡ ሰው ግፍ ነው የሚል ይኖራል፤ ማለዳውን በትንሽ አበል ማካካስ ይቻላል።

ጉዳዩ የዛሬ ብቻ አይደለም። አዲሱ ኤርፖርት የታቀደው ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሥራው ወደዚያ ሲዞር ገላን የሚኖር ሰው ጎረቤት ይሆናል። የሱሉልታዋ ግን አዲስ አበባን ጨርሳ ገና ግማሽ መንገድ ይቀራታል።