በሹምባሽ ያበቃ ማዕረግ

በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጠላት የተሰለፈውን የአስካሪ ታሪክ ስታነቡ፣ «ማንን ተኮሰ?» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት «ማን አዘዘው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እወዳለሁ። የአንድ ሠራዊት ባሕርይ የሚታወቀው ከተራው ወታደር ብዛት ይልቅ መኮንኖቹ የማን ልጆች እንደ ሆኑ ሲመረመር ነውና።

ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዘች በኋላ ባቋቋመችው የቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ ለአገሬው ተወላጅ የተፈቀዱት ማዕረጎች ጥቂት ነበሩ። ተራው ወታደር አስካሪ ይባላል፤ ከፍ ሲል ሙንታዝ፣ ቀጥሎ ቡሉክባሽ (ቃሉ ከቱርክ ቋንቋ የመጣ ነው)፣ በመጨረሻም ሹምባሽ ይሆናል። ከዚያ በላይ መንገዱ ዝግ ነው። ብዙ ዘመን ያገለገለ፣ በሊቢያ በረሃ የተዋጋ ሹምባሽ፣ ገና ትናንት ከመርከብ የወረደ ጣሊያናዊ ምክትል የመቶ አለቃ ሲያዘው «እሺ» ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ከአጅባር በስተምሥራቅ የምትገኘው ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ስትያዝም የታየው ይኸው ነው። ወደ ከተማይቱ የገባው የኤርትራ አስካሪዎች ጦር ሲሆን፣ አዛዡ ግን ጄኔራል ፒርዚዮ ቢሮሊ፣ ከሥሩ ያሉት መኮንኖችም ጣሊያኖች ነበሩ። ከአስካሪዎቹ መካከል ጥቂት የማይባሉት በጦርነቱ ጊዜ ከድተው ከወገናችን ጎን መሰለፋቸውንም አትዘንጉ።

«ቢሆንም ዘመናዊ ውትድርናን አስተምረውናል» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ለእኔ አይዋጥልኝም። መተኮስንና መታዘዝን አስተማሩ እንጂ ማዘዝን መች አስተማሩ? የዚህን ጉድለት ዋጋ ኮንጎ ከፍላዋለች። ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ከቤልጅግ ነጻ ስትወጣ ከ25,000 ያህል ወታደሮቿ መካከል አንድም ጥቁር መኮንን አልነበረም። ቤልጅጋዊው አዛዥ ጄኔራል ያንሰንስ ከነጻነት በፊትም ሆነ በኋላ ለውጥ እንደሌለ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ አሳያቸው፤ ወታደሮቹም ነጻነቱ ሳምንት ሳይሞላው አመፁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሳጂንነት ከጦሩ የተሰናበተው ሞቡቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮሎኔልና ኤታ ማዦር ሹም ሆነ። የኋላውን የምታውቁት ነው። ጸጥታ ለማስከበር በተባበሩት መንግሥታት ሥር ከዘመቱት ወታደሮች መካከል በራሳቸው መኮንኖች የሚመሩት ኢትዮጵያውያን ይገኙበት ነበር።

ይህ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች በሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የኢትዮጵያን ወጣቶች ለመኮንንነት ማሠልጠን ጀምረው ነበር። መምህራኑ የውጭ አገር ሰዎች ቢሆኑም ማዕረጉ ለተማሪው ክፍት ነበር። ትምህርታቸው ሳይፈጸም ጦርነቱ ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተው፣ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወድቃ ሳለ ግን፣ ከእነዚሁ ዕጩ መኮንኖች አያሌዎቹ ወደ ምዕራብ ተሻግረው ጥቁር አንበሳ በተባለው ማኅበር ተደራጁ። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ሌሊት ከበው ያቃጠሉት የጥቁር አንበሳ ሰዎች ነበሩ፤ ያን ጊዜ ከበላያቸው የሚያዛቸው የውጭ መኮንን አልነበረም።